ከአሰንዳቦ ወርደን በግልገል ግቤ ውሃ ዳር የሄድንባት ቅዳሜ (የስልክ ካርታ አትመኑ)

የአጂፕ ልጅ (ጅማ) | ጥቅምት 16፣ ማታ 2፡40

ሰላም ጎበዝ። «ድንኳን ይዘን ከጅማ እስከ ወንጪ የሦስት ቀን ጉዞ አስበናል» ብዬ እዚህ ጠይቄ ነበር። ሄደን መጥተናል። ስለ ወንጪ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ዛሬ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ላውራችሁ። እቅዳችን ድብን ብሎ የተበላሸው ያን ቀን ነው። ከተመለስን ጀምሮ ቁጭ ባልን ቁጥር የምናወራውም እሱን ነው።

አራት ነን። እኔ፣ እህቴ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ጓደኛዬ እና የመኪናው ባለቤት። ባለቤቱን ሾፌሩ ልበለው፣ ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም። መኪናዋ አሮጌ ሂሉክስ ናት። ሻንጣው፣ ድንኳኑ፣ ከሰሉ፣ ጀበናው ሁሉ ኋላ ተጭኗል።

እቅዱ ቀላል ነበር። ከአሰንዳቦ አልፈን በገጠር መንገድ ወደ ግልገል ግቤ ግድብ ውሃ እንወርዳለን። ሦስታችን በውሃው ዳር በእግራችን እንሄዳለን። ሾፌሩ መኪናውን በአስፋልት አዙሮ ማዶ ያለው መንደር ላይ ይጠብቀናል። እዚያ ምሳ እንበላለን፣ ከሰዓት ዓሣ እንገዛለን፣ ማታ ድንኳን እንተክላለን። ርቀቱን ከመሄዳችን በፊት በስልኬ ካርታ ላይ ለክቻለሁ። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር። የሳተላይቱ ፎቶ ላይ ደግሞ በውሃውና በእርሻው መካከል ሰፊ፣ ግራጫማ፣ ልሙጥ ዳርቻ ይታያል። ኳስ ሜዳ በሉት። «ይሄማ በካልሲም ይኬዳል» አልኩ። ይቺን ንግግር እህቴ በየቀኑ ትደግምብኛለች።

ጠዋት 12 ሰዓት ከጅማ ወጣን። ሰርቦ ላይ ሻይ በፓስቲ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ጋ ደረስን።

ዳርቻ የሚባል ነገር የለም።

ውሃው እስከ ሣሩ ድረስ ሞልቷል። አንዳንድ ቦታ የበቆሎ አገዳ መሃል ገብቶ ቆሟል። ያ ኳስ ሜዳዬ ከሥር ነው። ለካ ፎቶው የበጋ ፎቶ ነው። ግድብ እኮ ነው፤ ክረምት ይጠራቀማል፣ በጋ ተርባይን እያዞረ ይጎድላል። መስከረምና ጥቅምት ጢም ይላል፣ ግንቦት ላይ ይሸሻል። ይሄን የማያውቅ የጅማ ሰው የለም። ግን ካርታ ላይ ሐይቅ ማለት ሰማያዊ ቀለም ነው። ቀለም ደግሞ አይሞላም፣ አይጎድልም።

ሾፌሩ ቀድሞ ሄዷል። እኛ ደግሞ «ትንሽ ከፍ ብለን በማሳው ጠርዝ እንሄዳለን» ብለን ጀመርን። ከዚያ ጣቶቹ መጡ። ቦታው ድሮ ሸለቆ ነበር፣ ብዙ ትንንሽ ጅረቶች የሚገቡበት። አሁን እያንዳንዱ የጅረት መውረጃ ውሃ ሞልቶት እንደ ጣት ወደ መሬቱ ዘልቋል። ማዶውን ድንጋይ ብትወረውር ትመታዋለህ። ለመድረስ ግን ጣቱን እስከ ጫፉ ወጥተህ፣ ጅረቱን ተሻግረህ፣ በሌላው በኩል መመለስ አለብህ። የመጀመሪያውን ጣት ዞረን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ከአስር ፈጀብን። ስንጀምር ማዶ ተቀምጦ ሲያየን የነበረ እረኛ ስንደርስ እዚያው ተቀምጧል። ቆሎውን ጨርሷል። እየሳቀ ነው። እንዲህ ያሉ ጣቶች አምስት ነበሩ።

ጭቃውን ልንገራችሁ። እኛ የከተማ ሰዎች የምናውቀው የጅማን ቀይ አፈር ነው። ይሄ ዋልካ ነው፣ ጥቁሩ። ላዩ በፀሐይ ደርቆ ስንጥቅጥቅ ብሏል፣ የሚያስተማምን ይመስላል። ስትረግጠው ቅርፊቱ ይሰበርና እግርህ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የእህቴ ሸራ ጫማ ውስጥ ቀረ። በሆዷ ተኝታ እጇን እስከ ክርኗ ድረስ ከታ ፈለገችው። ሲወጣ የጠርሙስ ቡሽ ዓይነት ድምፅ አወጣ። ጉድጓዱ ወዲያው ውሃ ሞላ፣ ከዚያ እንዳልነበረ ሆኖ ተደፈነ።

ጓደኛዬ ደግሞ ከጅማ ለእናቱ ባርጩማ ገዝቶ ነበር፣ ባለ ሦስት እግሩን፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበውን። «ተጣጣፊ ወንበር ለምን እንገዛለን፣ ይሄ አለ አይደል» ብሎ ቦርሳው ላይ አስሮ ይዞት ወጣ። ለምሳ ስናርፍ ውሃው አጠገብ አስቀመጠና ተቀመጠበት። በሶውን እየበጠበጠ እያለ ሦስቱም እግሮች እኩል፣ ምንም ሳያዘሙ፣ መስመጥ ጀመሩ። እሱ አላወቀም። እኛ ዝም ብለን እናያለን። እንደ ሊፍት ወረደ። መሬት ሲነካ ነው የነቃው። ስንነቅለው አንዱ እግር ተሰነጠቀ።

ከሰዓት 8 ሰዓት ገደማ አንድ የአስር ዓመት ልጅ ከብት እየነዳ እየሮጠ መጣ። «ሮቢ! ሮቢ!» ይላል። ጓደኛዬ ጅማ በከረመበት ሁለት ሳምንት የሳምንቱን ቀናት በኦሮምኛ አጥንቷል። ሮቢ ረቡዕ ነው። «ላኪ፣ ሰንበታ» ብሎ አረመው። ዛሬ ቅዳሜ ነው ማለቱ ነው። ልጁ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ በዱላው መሬቱን አሳየን። የሰሃን ያህል የሚሰፋ ኮቴ፣ አራት ጣት። ከዱካው ጀምሮ ሣሩ ውስጥ ሁለት ጎን ለጎን የሆነ ቦይ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ ጋሪ የሄደበት ይመስላል። ሮቢ ረቡዕም ነው፣ ጉማሬም ነው። እኛ የቆምነው በጉማሬ መንገድ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ውሃ ዳር የሚባለውን ነገር ትተን ሽቅብ ወጣን።

መንደሩ የደረስነው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የስልኬ የእርምጃ መቁጠሪያ 21 ኪሎ ሜትር ይላል። ሾፌሩ መጀመሪያ ተኝቶ፣ ቀጥሎ ተናዶ፣ ቀጥሎ ፈርቶ፣ መጨረሻ ላይ መንደሩን ሙሉ ለፍለጋ ሊያስወጣ ነበር። አንድ አባት «ውሃው ጋ አትተኙም» ብለው ግቢያቸው አስገቡን። ድንኳኑን ስንተክል ጎረቤት ሁሉ መጣ። «ቤታችሁን ተሸክማችሁ ነው የምትሄዱት?» አሉን። ቡና ያፈላነው እኛ አይደለንም፣ እሳቸው ቤት ነው የተፈላው። ባርጩማውን «ተውት፣ እግሩን እጠግነዋለሁ» አሉ። እዚያው ቀረ።

---

ቡና ጠጪ | ጥቅምት 16፣ ማታ 3፡05

«ላኪ፣ ሰንበታ» 😂😂 ቤቱ ሙሉ ዞሮ አየኝ፣ ብቻዬን እየሳቅኩ ነው።

ቁም ነገር ልጠይቅ። ውሃ ስንት ሊትር ይዛችሁ ነበር? የሦስት ሰዓት መንገድ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እኮ ቀልድ አይደለም።

---

የአጂፕ ልጅ | ጥቅምት 16፣ ማታ 3፡20

ለሰው አንድ ሊትር ተኩል። 7 ሰዓት ላይ አልቋል። ሦስተኛው ጣት ላይ አንድ ቤት ገብተን ለመንን። የፈላ ውሃ ስላልነበራቸው ሻይ አፍልተው ሰጡን፤ ስኳር የበዛበት። እንደዚያ የጣፈጠኝ ሻይ አላስታውስም። በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ለሰው ሦስት ሊትር ይዘናል።

---

የልጁ እህት | ጥቅምት 16፣ ማታ 3፡48

ወንድሜ የረሳቸው ነገሮች አሉ፣ ላስታውሰው።

አንደኛ፣ ጠዋት ውሃው ሞልቶ ስናይ «እንመለስ፣ ሾፌሩ ገና ሩቅ አልሄደም፣ እንደውልለት» ያልኩት እኔ ነኝ። «ትንሽ እንሞክር» ያለው ማን ነበር? ሁለተኛ፣ ጫማዬን ስፈልግ ሁለቱ ወንዶች ፎቶ እያነሱ ነበር። ሦስተኛ፣ ልጁን የሰማሁት እኔ ነኝ፤ እነሱማ ስለ ረቡዕና ቅዳሜ እየተከራከሩ ነበር።

ግን ስለ አንድ ነገር እመሰክርለታለሁ። አራተኛው ጣት ላይ፣ ማንም ሳይናገር፣ ንፋስ ቆሞ፣ ማዶ የሞተ ዛፍ ጫፍ ላይ አንድ ዓሣ በል ንስር ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ጮኸ። ነጭ ራስ፣ ቡናማ ገላ። ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን። እሱን ለምን እንዳልጻፈው አላውቅም።

---

ሩቅ ሀገር | ጥቅምት 17፣ ጠዋት 1፡15

የጅማ ልጅ ነኝ፣ ቆጪ ነው ያደግኩት። አሁን የምኖረው እንግሊዝ፣ ባህር ዳር ከተማ ነው። ቅዳሜና እሁድ እዚሁ ዳርቻ ላይ በእግር እሄዳለሁ። ታሪካችሁን ሳነብ የመጀመሪያ ዓመቴ ትዝ አለኝ።

እዚህ ባህሩ በየቀኑ ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ ይገፋል። ትናንት ጠዋት በደረቅ አሸዋ የሄድክበት ቦታ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት ከራስህ በላይ ውሃ ይሆናል። የብሪስቶል ቻነል የሚባለው አካባቢ ልዩነቱ እስከ 14 ሜትር ይደርሳል። አራት ፎቅ ቤት አስቡ። ሰዎች ገደል ሥር በአሸዋው እየሄዱ፣ ፊት ለፊትና ኋላ ወደ ባህሩ የገባውን የገደል አፍንጫ ውሃ ሲዘጋው መሃል ይቀራሉ። ጀልባ ጠርተው ነው የሚወጡት። እኔም አንዴ ለትንሽ ነው ያመለጥኩት፤ እስከ ወገቤ ረጥቤ።

ስለዚህ እዚህ ሰው ጫማ ከማሰሩ በፊት የሙላት ሰንጠረዥ ያያል። የሚነሳውም ውሃው እየሸሸ እያለ ነው፣ እየመጣ እያለ አይደለም። የእናንተው ግድብ ደግሞ በዓመት አንዴ የሚተነፍስ ባህር ነው። ሰንጠረዡ የወር ስም ነው፣ ያው ጥቅምትና ግንቦት።

---

ሄርማታ | ጥቅምት 17፣ ጠዋት 3፡30

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሰው በገዛ ፈቃዱ 21 ኪሎ ሜትር ጭቃ የሚረግጠው ለምንድን ነው? አያቶቻችን አማራጭ አጥተው የሄዱትን መንገድ እናንተ በነዳጅ ሄዳችሁ ትሄዱበታላችሁ። ጉማሬ ማየት ከሆነ የፈለጋችሁት፣ የቦዬ ረግረግ እኮ አፍንጫችን ሥር ነው። ከከተማው በባጃጅ ትደርሳለህ፣ አመሻሽ ላይ ከሩቅ ቆመህ ታያለህ፣ እቤትህ ገብተህ እራትህን ትበላለህ።

---

የአጂፕ ልጅ | ጥቅምት 17፣ ጠዋት 4፡02

ጋሼ ሄርማታ፣ ቦዬን ስንቴ ሄጃለሁ። ጉማሬ ልናይ አልወጣንም፣ እሱ ነው ያየን። ለምን እንደሄድን ግን እኔም በደንብ መመለስ አልችልም። አስፋልቱ ላይ በሕይወቴ ስንት ጊዜ አልፌ ያንን ውሃ በአውቶቡስ መስኮት አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ወርጄ ልንካው ብዬ ነው።

---

ሲስተር | ጥቅምት 17፣ ቀን 6፡20

ስለ ጉማሬው ተጨነቃችሁ። እኔ የምጨነቀው ስለ ትንኟ ነው።

የሄዳችሁበት ወቅትና ቦታ ለወባ አንደኛ ነው። ከክረምት መውጫ እስከ ታኅሣሥ ዋናው የወባ ጊዜ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በግልገል ግቤ አካባቢ የመስክ ምርምር ማዕከል አለው፤ በግድቡ ዙሪያ ስለ ወባ ለዓመታት የተጠናው ዝም ብሎ አይደለም። የሚቆም ውሃ አለ፣ ዳሩ ላይ ኮቴው ሁሉ ኩሬ ይሆናል። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው ከመሸ በኋላ ነው። ግቢ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ቡና ስትጠጡ እጅጌ ረጅም ነበር? ድንኳኑ ዚፕ በደንብ ይዘጋል?

ከአሁን ጀምሮ እስከ አንድ ወር ድረስ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ካለ «ድካም ነው» እንዳትሉ። በዚያው ቀን ደም ተመርመሩ። ለአዲስ አበባው ልጅ በተለይ ንገሩት። እዚያ ያለ ሐኪም የት እንደከረመ ካልነገረው ወባ ላያስብ ይችላል።

እና እህትየው፣ ጭቃ ውስጥ እጅሽን ስትከቺ ቁስል አልነበረሽም አይደል?

---

የልጁ እህት | ጥቅምት 17፣ ቀን 7፡00

ሲስተር፣ ቁስል አልነበረኝም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅጌ ረጅም የለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ወንዶቹ በካናቴራ ነበሩ። ለአዲስ አበባው አሁኑኑ እደውላለሁ።

---

መቶ ሰማንያ አራት | ጥቅምት 17፣ ማታ 1፡30

ከስሜ እንደምትገምቱት የመብራት ነገር ይገባኛል። ሁለት ነገር ልጨምር።

የግልገል ግቤ አንደኛው ግድብ ከፍታው 40 ሜትር ነው። ሦስት ተርባይን፣ እያንዳንዱ 61 ሜጋዋት ገደማ፤ በድምሩ 184 ይባላል። ማመንጫው ከመሬት በታች ነው። ሥራ የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዚያ የወጣው ውሃ ዝም ብሎ አይለቀቅም። 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርድና ግልገል ግቤ ሁለት ላይ 420 ሜጋዋት ያመነጫል። ከዚያ ደግሞ ታች ወርዶ ግቤ ሦስት ይገባል። ያ የእህትየውን ጫማ የዋጠው ውሃ ሦስት ጊዜ ነው መብራት የሚሆነው። በአጭሩ፣ ሙላቱን የሚወስነው ዝናብ ብቻ አይደለም። ስንት ውሃ እንደተለቀቀም ይወስነዋል። ስለዚህ «አምና በዚህ ወር እዚህ ድረስ ነበር» የሚለው ልኬትም ሁሌ አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ወደ ግድቡ አካልና ወደ ማመንጫው አቅጣጫ በእግር አትጠጉ፣ ፎቶም አታንሱ። ጥበቃ አለ፣ ትክክልም ነው። ከመውረዳችሁ በፊት ቀበሌ ገብታችሁ ማንነታችሁን ተናገሩ።

---

የአጂፕ ልጅ | ጥቅምት 17፣ ማታ 1፡55

ቀበሌ ጠዋት ገብተን መታወቂያ አሳይተናል። «በእግር? እስከዚያ ድረስ?» ብለው ደጋግመው ጠየቁን። የገባኝ ማታ ነው።

---

ድንኳን ፈላጊ | ጥቅምት 18፣ ጠዋት 2፡10

ወንጪስ? እኛ በኅዳር ከልጆች ጋር አስበናል። ድንኳን ይሻላል ወይስ ማደሪያ?

---

የአጂፕ ልጅ | ጥቅምት 18፣ ጠዋት 2፡45

ከልጆች ጋር ከሆነ ማደሪያ። ቀን ፀሐይ ነው፣ ሌሊት ግን የጅማ ሰው የማያውቀው ብርድ ነው። ጠዋት ድንኳኑ ላይ ያለው ጤዛ በረዶ ሊሆን ምንም አልቀረው ነበር፣ ጋቢ ደርበን ነው ያደርነው። ሐይቁ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከአፋፉ ቁልቁል ስትወርድ ደስ ይላል፣ ስትመለስ ፈረስ ትመኛለህ። ፈረስም አለ፣ የአካባቢው ማኅበር ያከራያል። ደሴቷ ላይ ወዳለው ገዳም በጀልባ ይገባል። መንደሩ በ2021 እ.ኤ.አ. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ የገባው ወዶ አይደለም። ቀሪውን ለብቻው እጽፈዋለሁ ብያለሁ።

---

ዋልካ | ጥቅምት 18፣ ማታ 3፡15

ሁለት ቀን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የዚያ አካባቢ ሰው ነኝ።

ሁላችሁም «ሐይቅ» ትላላችሁ፣ እኔ ግን አፌ አይለምደውም። እኛ ውሃው ነው የምንለው። ልጅ ሆኜ እዚያ ውሃ አልነበረም። ወንዙ ነበር፣ ግራና ቀኙ ሜዳ ነበር። የአያቴ መሬት ነበር። ግድቡ ሲሠራ ብዙ ሰው ተነሣ፣ የእኛም ቤተሰብ ወደ ላይ ወጣ። ካሣ ተከፍሏል፤ በቅቷል አልበቃም የሚለውን እዚህ አልጀምርም፣ አያልቅም።

የስልካችሁ ፎቶ ላይ ያያችሁት ግራጫው ሜዳ ባዶ ዳርቻ አይደለም። ውሃው ሲሸሽ ሰው ይዘራበታል፣ ከብት ይግጥበታል። እርጥበት ስላለው ቶሎ ይበቅላል። ውሃው ቀድሞ ከመጣ ደግሞ ከነሰብሉ ይወስደዋል። አገዳ መሃል ቆሞ ያያችሁት ውሃ እንደሱ ነው። ቁማር ነው። ጠርዝ ጠርዙን ስትሄዱ የረገጣችሁት የሰው ማሳ እንደሆነ አውቃችሁ ከሆነ ደግ፤ ካላወቃችሁ በሚቀጥለው ጠይቃችሁ እለፉ።

---

የአጂፕ ልጅ | ጥቅምት 18፣ ማታ 3፡40

ጋሼ፣ ሁለት ቦታ ላይ ጠይቀን አለፍን። ሌላው ቦታ ሰው ስላላየን ዝም ብለን አለፍን። ጥፋት ነው፣ ይቅርታ። ያ አገዳ የሰው ሰብል መሆኑን አይተናል፣ ግን «ውሃው እዚህ ድረስ መጣ» ብለን ፎቶ ከማንሳት ሌላ አላሰብንም።

---

ዋልካ | ጥቅምት 18፣ ማታ 4፡05

ይቅርታ የሚያስጠይቅ አይደለም። ልጁ ጮሆ ያዳናችሁም የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ወሬው እዚህ ደርሷል። «ጉማሬን ረቡዕ ነው ያሉ ሰዎች» ተብላችሁ ነው የምትታወቁት።

በእግር መሄድ ከፈለጋችሁ ግንቦት ላይ ኑ፣ ዝናቡ ሳይጠና። ያኔ ስልክህ ላይ ያየኸው ሜዳ በእርግጥ አለ። ጣቶቹም ይደርቃሉ፣ ቀጥ ብለህ ትሻገራለህ። ጭቃው የት እንደሚውጥ ግን የሚያውቅ ሰው ከፊት ይሂድ። ውሃው በጣም በጎደለበት ዓመት የአያቴ ደጅ የነበረው የሾላ ጉቶ ይወጣል። አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። ጥቁር ሆኗል፣ ግን አልበሰበሰም። አባቴ እያለ አብረን ወርደን አጠገቡ ቆሎ እንበላ ነበር።

---

የአጂፕ ልጅ | ጥቅምት 18፣ ማታ 4፡20

እንመጣለን ጋሼ። ሦስት ሊትር ውሃ ይዘን። ቆሎውን እኛ እናመጣለን።

---

የልጁ እህት | ጥቅምት 18፣ ማታ 4፡26

እኔ በቦቲ ነው የምመጣው። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ደግሞ ባርጩማው ተጠግኖ እንደሆነ ጠይቁልኝ ብሏል። እናቱ እየጠበቁት ነው።

---

ዋልካ | ጥቅምት 19፣ ጠዋት 1፡50

ጠየቅኳቸው። እግሩ ተጠግኗል። አሁን ግን እሳቸው ናቸው የሚቀመጡበት፣ በዋዛ የሚለቁት አይመስለኝም። ለእናቱ ሌላ ይግዛ።